ትከሻ ዝቅ

…ክርኔ ከጎኔ መላቀቅ የለበትም፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው፣ ፎጣው ተጠቅልሎ በክርኔና በጎድኔ መሃል ተሸጉጧል፣ ከወደቀ ሥራዬ ተበላሸ ማለት ነው፣ የመለማመጃው ላስቲክ በበሩ እጀታ ላይ ታስሯል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉን ነካክቼ አይቻለሁ፣ ባለፈው ሳልቆልፍ ስቤው በሩ መጥቶ ግንባሬን ሊለኝ ነበር፣ እማዬ ከአልጋዋ ሆና አየችኝና በአንድ በኩል ብቻ ሳቀች፣ በደህናው በኩል፣ እና አሁን እጄን ወደ ውጭ፣ በእርጋታ፣ ክርኔ ባለበት ይቀራል፣ ከክርኔ በታች ያለው ብቻ እንደ መስኮት ይከፈታል፣ አንጓዬ አይታጠፍ፣ ትንፋሼን አልያዝ፣ ከዚያ መመለስ፣ መመለሱ ነው ከባዱ፣ ላስቲኩ ይጎትተኛል፣ እኔ ግን በአንዴ አልሄድለትም፣ እያባበልኩት፣ እየተከራከርኩት።

ቀስ በይ።

ቃሉ ትከሻዬን የሚያክመው የፊዚዮቴራፒስቱ ነው፣ ስሙን ነግሮኝ ነበር፣ ግን ከአፉ ሌላ ነገር ስለማይወጣ ቀስ በይ እለዋለሁ፣ ለራሴ ማለቴ ነው፣ ፊት ለፊትማ ዶክተር ነው የምለው፣ ዶክተር አይደለሁም ይላል፣ እሺ ዶክተር እላለሁ፣ ቁመቱ የበር መቃን ያህላል፣ ሰው ሲነካ ግን እንቁላል የሚያነሳ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ቀን ከመደርደሪያ የፕላስቲክ ትከሻ አውርዶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ፣ አየሽ እህቴ፣ የጭን አጥንት ዳሌ ላይ ጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ነው የተቀመጠው፣ ትከሻ ግን የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ሳህን ላይ ያለ ብርቱካን ነው፣ ታዲያ ለምን አይወድቅም አልኩት፣ ትንንሽ ጡንቻዎች ዙሪያውን ይዘውታል አለ፣ ከውጭ አይታዩም፣ ጂም ውስጥ በመስታወት የሚያያቸው የለም፣ እጅሽ ገና ብርጭቆው ጋ ሳይደርስ ግን እነሱ ቀድመው ብርቱካኑን መሃል ላይ አስቀምጠውታል።

ብርቱካኑን መሃል ላይ። ይሄን ሰምቼ ስወጣ መንገዱ ሌላ መንገድ ሆኖ ጠበቀኝ። አውቶቡስ ውስጥ እጁን ሰቅሎ ብረት የያዘ ሰውዬ፣ ልጇን ከመሬት ወደ ጀርባዋ አንድ ጊዜ ያሽከረከረች እናት፣ ጣሪያ የሚቀባ ሰው፣ ወሬ እያወራች እጇን ወደ ኋላ ልካ የቀሚሷን ዚፕ የዘጋች ኮረዳ፣ ማንም ምን እንዳደረገ አያውቅም፣ ሁሉም ተአምር ተሸክሞ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ እኔም ዕድሜ ልኬን ክርኔን ሰቅዬ የሰው ፀጉር ሳደርቅ አንድ ቀን እንኳ ትከሻዬን እንዴት ነሽ ብዬው አላውቅም። ነሽ ነው ነህ? ትከሻ ወንድ ነው ሴት? የእኔ ሴት ናት። ወንድ ቢሆን እስካሁን ይህን ሁሉ አይችልም ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ። ወደ ውጭ።

እማዬ ስትወድቅ የያዝኳት በእሷ ነው፣ በዚህችው በቀኝ ትከሻዬ። መታጠቢያ ቤት፣ እማዬን ከፕላስቲክ ወንበሯ ላይ አንስቼ ልጠቀልላት ስል እግሯ ሳሙናው ላይ ሄደ፣ ሙሉ ክብደቷ ወደ ወለሉ፣ እጄ ተዘርግታ ቀለበቻት፣ ውስጤ ያረጀ አንሶላ ሲቀደድ እንደሚለው ትርርር አለ፣ አልለቀቅኳትም፣ እንዴት እንዳልለቀቅኳት አላውቅም፣ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ውሃው ራሳችን ላይ ሲወርድ ዓይኗን አየሁት፣ አየች፣ ምን እንደሆንኩ ገባት፣ አፏን ከፈተች፣ ምንም። ከታመመች ወዲህ ምንም። ስትሮክ የቀኝ ጎኗን ወሰደ፣ ቃሏንም አብሮ ወሰደ፣ ያንን ድምፅ። የስፖርት መምህርት ነበረች፣ ሜዳው ጫፍ ቆማ ስትናገር ጎረቤት ያለ ሱቅ ውስጥ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር ይባላል፣ እኔንም አስተምራኛለች፣ ሜዳ ላይ እማዬ ብላት አትሰማም፣ መምህር ስላት ነው የምትዞረው፣ እና ያቺ ሴት አሁን ውሃ ስትፈልግ እንኳ እ ብቻ ነው የምትለው፣ እ፣ እኔ እገምታለሁ፣ ትራስ? እ። መስኮት? እ። ስገምት ስገምት ትታው ወደ ግድግዳ ትዞራለች።

በማግስቱ ፀጉር ቤት ማድረቂያውን አነሳሁት፣ እጄ እስከ ደረቴ ሄደችና ቆመች፣ ከዚያ በላይ ሰማይ የለም፣ ደንበኛዬ በመስታወቱ ታየኛለች፣ ፀጉሯ ከአንገቷ ላይ ይንጠባጠባል፣ ደህና ነሽ? ደህና ነኝ፣ ደህና አይደለሁም፣ ሐኪም ቤት ታካሚዋ የቀኝ ትከሻ ጅማት ጉዳትና የእንቅስቃሴ ውስንነት ታይቶባታል፣ በፊዚዮቴራፒ ክትትል ይደረግላት፣ እንዲህ ተብዬ ተጻፍኩ፣ በእኛ ቋንቋ ገመዱ ተተልትሏል እንጂ አልተበጠሰም ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ችኩል። ምን ክትትል፣ አቦ፣ ጉልበት ካጣ ጉልበት መስጠት ነው፣ አልኩና የእማዬን የድሮ ብረት ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ፣ አቧራውን ጠርጌ እንደ ጎረምሳ ወደ ላይ ወነጨፍኩት፣ እማዬ እ እ እ እያለች በግራ እጇ አልጋውን ስትደበድብ ነቄ ነኝ አታስቢ አልኳት፣ ነቄ። ሌሊቱን በዚያ ጎን መተኛት አልቻልኩም፣ ሳምንት ማንኪያ በግራ እጄ ያዝኩ፣ እናትና ልጅ ሁለት ግራኞች ሆነን ሾርባ ስንጠጣ፣ ሰው ቢያየን በሳቅ ይሞት ነበር። ቀስ በይ ሰምቶ አልተቆጣም፣ ተቀመጠ፣ እህቴ፣ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ጉልበተኞች ናቸው፣ ትንንሾቹ ሳይነቁ ትልልቆቹን ከጠራሽ ብርቱካኑን ወደ ላይ ይደቁሱታል፣ ጅማቱም በመሃል ይቆነጠጣል፣ ስለዚህ ከትንሹ ጀምሪ፣ የሚያሳፍርሽን ያህል ትንሽ፣ ድካምና ሕመም አንድ አይደሉም፣ ሙቀት ከመጣ ቀጥይ፣ መርፌ ከወጋሽ አቁሚ፣ ደግሞ መስታወት ፊት ሥሪ፣ ሰውነት ይዋሻል፣ መስታወት አይዋሽም።

የሚያሳፍር ያህል ትንሽ። መጀመሪያ ጣቶቼ ግድግዳ ላይ እንደ ጉንዳን መውጣት ብቻ፣ እስከሚችሉት፣ ከዚያ መውረድ። ከዚያ ጀርባዬ ላይ ያሉትን ሁለት ጠፍጣፋ አጥንቶች ወደ ኋላና ወደ ታች፣ የኋላ ኪስ ውስጥ እንደ መክተት። ከዚያ ግድግዳን መግፋት፣ ቆሜ። አሁን ላስቲኩ። ለዚህም ነው ከፀጉር ቤቱ ያረጀውን መስታወት አምጥቼ ከበሩ አጠገብ ያስደገፍኩት፣ እኔን ያሳያል፣ ከኋላዬ ደግሞ እማዬን፣ ትራስ ተደግፋ፣ ስታየኝ። ሁልጊዜ ታየኛለች። ምን ሌላ ታይ?

ዛሬ ደግሞ ይመጣል። ታላቅ ወንድሜ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ አገር ላገር፣ በመንገዱ ላይ ስንሆን ጎራ ይላል፣ ዛሬ ግን ጎራ ለማለት አይደለም፣ በስልክ ነግሮኛል፣ እህት ዓለም፣ ስሚኝ፣ አንቺም እየወደቅሽ ነው፣ እሷን ስታነሺ አንቺን ማን ያነሳሻል፣ የአረጋውያን ማቆያው ቦታ አለን ብለዋል፣ ንጹህ ነው፣ አይቼዋለሁ፣ ነርስ አለ፣ እህት ዓለም አለሽ? አለሁ፣ ተናደሽ ነው? አይ፣ ምን ያናድደኛል፣ እውነቱን ነው፣ በአንድ እጅ እናት አይነሳም፣ ግን እሷን ጠይቀናታል ወይ፣ በምን ቃል ትመልስልን፣ እ ስትል እሺ ነው እምቢ ነው፣ ሌሊቱን ይሄንኑ ሳመነዥክ አድሬ አሁን ልቤ ላስቲኩ ላይ የለም፣ ሲደርስ ምን ልለው ነው፣ እቺ እጅ በክረምቱ ትድናለች ልበለው? ማን አየ፣ ብትድንስ፣ ደግሞ ስቤያለሁ፣ ደግሞ፣

ዝቅ።

ከአልጋዋ ራስጌ ያለው ራዲዮ ነው። ራዲዮኑ ሲያወራ ነው። ግን ራዲዮኑ ስለ ዝናብ እያወራ ነው፣ የወንድ ድምፅ ነው፣ ይሄኛው፣

ዝቅ።

ላስቲኩን ለቀቅኩት፣ በሩ ላይ ጧ አለ፣ መልቀቅ አልነበረብኝም፣ ዞርኩ። እማዬ? ታየኛለች። ከንፈሯ ገና በቃሉ ቅርጽ ላይ ነው። እማዬ አንቺ ነሽ? ዝቅ፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጥ ይላል፣ ግን ቃል ነው፣ ሙሉ ቃል። እሺ እሺ እማዬ፣ ራዲዮኑን ዝቅ ላድርገው፣ አደረግኩት፣ ዝቅ፣ አልጋውን? የአልጋውን ራስጌ ዝቅ አደረግኩ፣ ግንባሯ ተኮማተረ፣ ዝቅ፣ መጋረጃውን? መጋረጃውን ምን ዝቅ ይደረጋል፣ ብቻ ጎተትኩት፣ ብርድ ልብሱን? ጫማዬን አወለቅኩ፣ ለምን እንዳወለቅኩ እኔ አላውቅም፣ ቤቱን ሁሉ ዝቅ አደረግኩት እኮ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች፣ ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፣ ሜዳ ላይ ግራና ቀኝ ለማያውቅ ተማሪ የሚሰጥ ዓይን ነው፣ ከዚያ ግራ እጇ ከብርድ ልብሱ ወጣች፣ ደረቷን ተሻግራ፣ የራሷን የማይንቀሳቀስ ትከሻ መታች። መታች። ወደ እኔ ጠቆመች።

መስታወቱን አየሁ።

ቀኝ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ነው። ተሰቅሏል። አንገቴን ውጦታል። ስለ ወንድሜ ሳስብ ሽቅብ ወጥቶ እዚያው ተቀምጧል፣ ትልልቆቹ ጉልበተኞች ትንንሾቹን ጨፍልቀው፣ እኔ ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደሳብኩ እንጃ፣ እሷ አይታኛለች፣ መቻል አልቻለችም፣ ስህተቱ አላስቀምጥ አላት፣ ከዚያ ከደረቀ ጉሮሮ ውስጥ፣

አወረድኩት። ትከሻዬን አወረድኩት። በመስታወቱ ውስጥ ራሷን ነቀነቀች።

እዚህ ቤት ውስጥ አሁን የሆነውን ነገር ማን ያምነኛል። ላስቲኩን አነሳሁ፣ ፎጣውን ሸጎጥኩ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ ክርን ከጎን፣ ወደ ውጭ፣ ቀጥ፣ ትላለች፣ ወገቤን ቀጥ አደረግኩ፣ ቀጥ፣ ቀስ፣ ቀስ ትላለች፣ ቀስ በይን ሳታውቀው፣ ሰውዬው እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል፣ እጄ ስለተያዘ አልጠርገውም፣ ቅርጹን አላበላሽም፣ እያለቀስኩ ቅርጹን አላበላሽም፣ እሷም ለእንባዬ ግድ የላትም፣ የምታየው ክርኔን ነው።

ጨርሼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ፣ ስሜን በይ እስቲ። ማነኝ እኔ? አፏ ተከፈተ፣ ፈለገችው፣ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ዕቃ እንደጠፋባት ሰው ፈለገ፣ የለም። ውሃ በይ። የለም። እ። ፊቷ መጨለም ሲጀምር ፈራሁ፣ ያገኘነውን ልናጣ ነው፣ ብድግ ብዬ መስታወቱ ፊት ቆምኩና ትከሻዬን ሆን ብዬ ጆሮዬ ድረስ ሰቀልኩት። ዝቅ፣ አለች ወዲያው። እንደ ቋጥኝ ከገደል። ስሜ የለም፣ ውሃ የለም፣ ወንድሜ የለም፣ ያ ሁሉ ተጠርጎ ሄዷል፣ ይቺ ቃል ግን አለች፣ ሜዳው አልሄደም፣ ሜዳው ውስጧ ተቀምጦ ነበር፣ እኔ ዓመት ሙሉ ውሃ ትፈልጊያለሽ ትራስ ትፈልጊያለሽ እያልኩ በሌላ በር ሳንኳኳ።

ለቀስ በይ ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፣ እህቴ አለ፣ እኔ የትከሻ ሰው ነኝ፣ ስለ ጭንቅላት አልዋሽሽም፣ ግን ብዙ ዘመን የተደጋገመ ቃል ሌላ ቦታ ይቀመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አታድክሚያት፣ አታስጨንቂያት፣ የንግግር ሕክምና የምትሠራ ባልደረባ አለችኝ፣ ሰኞ ይዘሻቸው ነይ፣ እሺ ዶክተር፣ ዶክተር አይደለሁም፣ ደግሞ ለመሆኑ አወረድሽው? ምኑን? ትከሻሽን። አወረድኩት። እናትሽ ልክ ናቸው፣ አለ፣ እማማን እጅ ነስቷል በይልኝ።

የመኪና ጡሩምባ። መጣ።

በሩን ከፈትኩለት፣ ላስቲኩ ከእጀታው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ገባ፣ ሰፊ፣ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ፣ መሪ ላይ እንደተደፋ ቀርቷል ሰውየው፣ ትከሻው ወደ ፊት ወርዷል፣ ሆዱ ቀድሞት ይገባል፣ ፊቱ ላይ የተለማመደው ንግግር አለ፣ መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው እንደመጣ ያስታውቃል፣ እማዬ እንዴት ነሽ እናቴ፣ ጎንበስ ብሎ ሊስማት፣ እሷ ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

ቀጥ በል።

ወንድሜ ቀጥ አለ። ሳያስበው። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ተረከዙን ገጠመ፣ ሆዱን አስገባ፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ተተከለ፣ የሚተነፍስ አልመሰለኝም፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንገቱ ብቻ ወደ እኔ ዞረ፣ ተናገረች? ተናገረች። እኔን ነው? አንተን ነው። አንድ ብቻ ነው የተናገረችው? አይ፣ ሌሎችም ቃሎች አሏት፣ ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ትእዛዝ ናቸው። ሳቀ፣ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ፣ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ፊቱን ግራ መዳፏ ውስጥ ከተተው፣ ያ ሁሉ ሰውነት፣ ከኋላው ሲታይ የሚንቀጠቀጠው ትከሻው ነው፣ እሷ ጆሮውን ያዘችው፣ እንደ ሕፃን፣ እ አለች፣ እና ያቺ እ ምን ማለት እንደሆነች መገመት አላስፈለገንም።

መስኮቱ ጋ ወንበሯ ላይ እናስቀምጣት፣ ፀሐይ ትሙቅ አልኩ። እኔ አነሳታለሁ አለና ብድግ ብሎ ሁለቱን ብብቶቿን ሊይዝ ከወገቡ ተጎነበሰ፣ ቀስ፣ አለች እማዬ፣ ቀስ አልኩ እኔም፣ እጇን አትጎትት፣ ያ የሞተው ትከሻ ያዥ የለውም፣ ብርቱካኑ ይወድቃል፣ ምን ብርቱካን? ቆይ አሳይሃለሁ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ እግርህን ከፈት፣ ወገብህ ሳይሆን እግርህ ነው የሚያነሳው፣ እጅህን ጀርባዋ ላይ፣ ጠፍጣፋው አጥንት ላይ፣ እንደዚህ፣ ወደ ራስህ አስጠጋት፣ እኔ በዚህ በኩል፣ ክርኔን ከጎኔ አስጠግቼ፣ እማዬ ወደ ፊት ዘንበል በይ፣ ዘንበል አለች፣ አፍንጫዋ ከእግር ጣቷ በላይ ሲደርስ ያን ጊዜ ተነሱ ይላል ቀስ በይ፣ ተነሳን። ሦስታችንም ተነሳን። ምንም አልከበደም። ስንት ወር እንደ ጆንያ ስጎትታት የኖርኩ ሰው፣ ሰው በልክ ሲነሳ ራሱ እንደሚነሳ ዛሬ ገና ማየቴ ነው፣ ትከሻዬን አዳመጥኩ፣ መርፌ የለም፣ ሙቀት ብቻ፣ ጎህ ሲቀድ ጣሪያ ላይ እንደሚመጣው ሙቀት።

አሁን ወንድሜ ደጅ ነው፣ በረንዳው ላይ፣ ስልክ ይዟል፣ ሰማሁት፣ አዎ ከማቆያው ጋር ነው፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት፣ አይ፣ አልሞተችም፣ ምን ነካችሁ፣ ተናገረች። ከዚያ ለአለቃው ደወለ፣ የቅርብ መስመር ላይ መድበኝ፣ ለረጅሙ ሌላ ፈልግ፣ አይ አልታመምኩም። የቀረውን አላውቅም። ሰኞ ምን እንደሚሉን አላውቅም፣ ስሜን ታገኘው እንደሆን፣ እቺ እጅ ማድረቂያ ታነሳ እንደሆን። ቃሎቿም ነገ ይኖሩ እንደሆን ማን ያውቃል።

ፀሐዩ ጭኗ ላይ ነው። እሷ ወንበሯ ላይ፣ እኔ በሩ ጋ፣ የቀረኝን ልጨርስ ብዬ ላስቲኩን ያዝኩ፣ ፎጣ፣ ክርን፣ ትከሻ ዝቅ፣ ወደ ውጭ፣ ቀስ ብሎ መመለስ፣ ደግሞ ወደ ውጭ፣ ጡንቻው አሁን ደክሞታል፣ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ቅርጹ ሊበላሽ ትንሽ ቀረው፣ አንድ ልጨምር፣ አንድ ብቻ፣ ሁልጊዜ አንድ እጨምራለሁ፣ ለእሷ ገላ፣ ለልብሷ፣ ለደንበኞቼ፣ አንድ፣ አየኋት፣ ስትከፍት አየሁ አፏን፣ ድገሚ ልትል ነው ብዬ ላስቲኩን አጠበቅኩ፣

ዕረፊ፣ አለች።

እ? እኔ ነኝ እ ያልኩት።

ዕረፊ።

ፎጣው ወደቀ። አላነሳሁትም። እግሯ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ተቀመጥኩ።